ልጆች ይዞ የቬርሳይን የማታ ፏፏቴና ርችት ማየት፦ ከቲኬት እስከ መመለሻ ባቡር

«ልጆቹን ይዘን ማታ ቬርሳይ ብንሄድ ይሆናል? ቲኬቱስ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰኔ በገባ ቁጥር ይመጣል። ፓሪስ የሚኖረውም ይጠይቃል፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣውም ይጠይቃል። አዎ፣ ይሆናል። ግን የማታው ጉብኝት ከቀኑ የተለየ ነው፤ ቲኬቱ ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፣ ድካሙም ሌላ ነው።

እዚህ የምንነግራችሁ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ቅዳሜዎች ማታ ፓሪስ አጠገብ ባለው የጥንት የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ በቬርሳይ፣ አትክልት ስፍራ ስለሚደረገው «ግራንድ ዞ ኖክቱርን» ብቻ ነው። ፏፏቴዎቹ በሙዚቃና በቀለም መብራት ይለቀቃሉ፣ መጨረሻው ርችት ነው። ትርኢቱ 20:30 ይጀምራል፣ ርችቱ 22:50 ላይ ይተኮሳል፣ 23:05 ሁሉም ያልቃል። ሰዓቱ ከዓመት ዓመት በጥቂት ደቂቃ ሊቀያየር ስለሚችል ቲኬታችሁ ላይ ያለውን እመኑ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ቲኬቱ ላይ 20:30 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:30 ነው፤ 22:50 ደግሞ ከምሽቱ 4:50። ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች ስትነግሩ ሁለቱንም አቆጣጠር ጥቀሱ። «ስምንት ተኩል» ብላችሁ ብቻ ከነገራችሁ እሳቸው ከቀኑ 8:30 ለብሰው ይጠብቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ቲኬቱ ላይ እንደሚጻፈው የፈረንሳይ ናቸው።

የምትይዟቸው ነገሮች

- ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ቲኬት፣ ከተቻለ በወረቀትም የታተመ
- የልጆቹ ፓስፖርት ወይም ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ
- ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የባቡር ካርድ፣ መመለሻው ጭምር የተሞላበት
- ለእያንዳንዱ ልጅ ሹራብና ቀላል ጃኬት
- አንድ ጋቢ፤ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው መሸፈኛ፣ ደረጃ ላይ ሲቀመጡ ምንጣፍ፣ ባቡር ውስጥ ትራስ ይሆናል
- ለሕፃን አንቀልባ ወይም የጨርቅ ማዘያ፤ ጋሪ የግድ ከሆነ ትልልቅ ጎማ ያለው
- ለትንንሾች የጆሮ መከላከያ (እንደ ሄድፎን ጆሮ ላይ የሚደፋው)
- ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ብርጭቆና የመስታወት ጠርሙስ ፍተሻ ላይ ችግር ያመጣል
- ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ሌላ ደረቅ መቆርጠሚያ
- የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ ለሕፃን መቀየሪያ ዳይፐርና አንድ ባዶ ፌስታል
- የተለበሰ፣ እግር የለመደው ዝግ ጫማ

1. ቀኑን በፀሐይ መግቢያ ምረጡ

ብዙ ሰው «ቀኑ የሚረዝምበት ጁን ይሻላል» ብሎ ይቸኩላል። ለማታው ትርኢት ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው። የቀለም መብራቱ ውሃው ላይ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ከገባች ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በኋላ ነው። ፓሪስ አካባቢ ጁን 21 ፀሐይ የምትገባው 21:58 ገደማ ነው። ስለዚህ እስከ 22:30 ድረስ ብርሃን አለ፣ ርችቱ ሊተኮስ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው መብራቱ «አለሁ» የሚለው። ኦገስት 1 ፀሐይ 21:30 ገደማ ትገባለች። ኦገስት 31 ግን 20:35 ገደማ ትገባና ከ21:10 ጀምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሙሉ የመብራት ጊዜ ታገኛላችሁ።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ምክራችን የኦገስት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ናቸው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ስለሚከፈት ልጆቹ በማግሥቱ እንደ ልባቸው ይተኛሉ። የፍልሰታ ጾምም ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22፣ ስለሚፈታ የመጨረሻው ቅዳሜ ለስንቅ አያስቸግርም። ሴፕቴምበር ቀደም ብሎ ይጨልማል፣ ግን ቅዝቃዜው ይጨምራል። በእኛ ክረምት የሚባለው ወር እዚያ የሙቀት ወር ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቀን 28 ዲግሪ የነበረው ሌሊት ወደ 15 ሊወርድ ይችላል፣ ውሃ ዳር ደግሞ ከዚያም ይበርዳል።

2. ትክክለኛውን ቲኬት ግዙ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ቬርሳይ ላይ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ይሸጣል፦

- የቀን ቲኬት፦ ቤተ መንግሥቱን፣ «ፓስፖር» የሚባለው ከሆነ ትሪያኖን የሚባሉትን ትንንሽ ቤተ መንግሥቶችና የቀኑን አትክልት ስፍራ ጭምር ያስገባል። የማታውን ግን አያስገባም።
- የማታ ፏፏቴ ቲኬት፦ ለአትክልት ስፍራው ብቻ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ክፍሎች አያሳይም።
- የማታ ፏፏቴ ከ«ሴሬናድ ሯያል» ጋር፦ ከፏፏቴው በፊት አመሻሹ ላይ በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች አልፋችሁ የመስታወት አዳራሹ ውስጥ የጥንት ልብስ የለበሱ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ታያላችሁ። መግቢያው በተራ ሰዓት ነው።

የማታውን ቲኬት የሚሸጠው «ሻቶ ደ ቬርሳይ ስፔክታክል» የሚባለው የቤተ መንግሥቱ የትርኢት ክፍል ነው። በእሱ ድረ ገጽ ግዙ። በፍለጋ መጀመሪያ ላይ ብቅ የሚሉት ሻጮች ብዙዎቹ አትራፊዎች ናቸው፣ አንዳንዴም የቀኑን ቲኬት «ምሽት» በሚል ስም ያቀርቡታል።

ለቤተ መንግሥቱ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ነፃ ነው። ለማታው ትርኢት ግን ይህ አይሠራም፤ ነፃ የሚገቡት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው፣ ከፍ ያሉት ልጆች በቅናሽ ይከፍላሉ። የ12 ዓመት ልጅ «ነፃ ነው» ተብሎ ያለ ቲኬት በር ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ይቆማል። የመግዣው ገጽ ላይ ያለውን የዕድሜ ወሰን አንብቡ፣ ለነፃው ልጅም የቲኬት ምርጫ ካለ ውሰዱ፣ የዕድሜ ማስረጃም ያዙ።

ሴሬናዱን ልጨምር ወይስ ልተው? ልጆቹ ከ7 ዓመት በላይ ከሆኑ ጨምሩት። የመስታወት አዳራሹ 73 ሜትር ይረዝማል፣ 357 መስታወት አለው፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ከአትክልቱ በኩል በመስኮቶቹ ስትገባ ወርቁ ሁሉ ይነዳል። ልጆቹ ከ7 ዓመት በታች ከሆኑ ተዉት፤ ዋናው ነገር ሳይጀመር ጉልበታቸው ያልቃል።

3. ባቡሩን ከነመመለሻው አዘጋጁ

ለቤተ መንግሥቱ የሚሆኑት የቬርሳይ ጣቢያዎች ሦስት ናቸው፣ ስማቸውም ይመሳሰላል፦

- ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ፦ በኤር-ኧ-ኤር ሴ (RER C) የባቡር መስመር፤ ከቤተ መንግሥቱ 10 ደቂቃ በእግር። ከልጅ ጋር የሚመረጠው ይኸው ነው። ከሳን ሚሼል፣ ከኢንቫሊድ ወይም ከኤፍል ታወር አጠገብ ካለው ሻን ደ ማርስ ጣቢያ ትሳፈራላችሁ።
- ቬርሳይ ሪቭ ድሯት፦ ከሳን ላዛር ጣቢያ በኤል መስመር፤ ከዚያ 20 ደቂቃ ገደማ በእግር።
- ቬርሳይ ሻንትዬ፦ ከሞንፓርናስ በኤን መስመር፤ ባቡሩ ፈጣን ነው፣ ግን እግር መንገዱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

የሴ መስመር ቅርንጫፉ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ የመጣው ባቡር ላይ አትሳፈሩ። ሰሌዳው ላይ መድረሻው «ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ» ማለቱን አረጋግጡ። ያ ጣቢያ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ትክክለኛው ባቡር ላይ ከተሳፈራችሁ ማለፍ የለም።

ከ2025 ወዲህ በፓሪስ ክልል አንድ የባቡርና የሜትሮ ቲኬት ከአየር ማረፊያ በስተቀር ሁሉም ቦታ ዋጋው አንድ ነው። ለጎብኚ የሚሆነው ካርድ «ናቪጎ ኢዚ» ነው። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው መግባት አይቻልም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ያስፈልጋል። ከ4 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ከ4 እስከ 9 ዓመት ግማሽ ዋጋ ነው።

ፓሪስ ላይ እያላችሁ ሁለት ጉዞ ሙሉበት። ርችቱ እንዳለቀ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንሿ ጣቢያ ላይ ይደርሳል። ካርድ የሚሞላ ሰው ማሽን ፊት ሲሰለፍ የተሞላ ካርድ ያለው በቀጥታ ያልፋል።

በበጋ ቅዳሜዎች የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ የዚያን ቀን ጠዋት የመመለሻ ባቡር መኖሩን በመተግበሪያ እዩ። የሴ መስመር ከተዘጋ በሪቭ ድሯት ወይም በሻንትዬ ትመለሳላችሁ፤ ይህንን ማታ 23:15 ላይ ከማወቅ ጠዋት ማወቅ ይሻላል።

4. ቀኑን አትጨርሱት፣ እራትንም ከበሩ ውጭ ብሉ

ቤተ መንግሥቱን በቀን፣ አትክልቱን በማታ በአንድ ቅዳሜ ማየት በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ከ10 ሰዓት በላይ በእግር መሆን ነው። በዚያ ላይ የማታ ትርኢት ባለበት ቅዳሜ አትክልት ስፍራው ለዝግጅት ቀደም ብሎ፣ 17:30 ገደማ፣ ስለሚለቀቅ ውስጥ ቆይቶ መጠበቅ አይቻልም። ቤተ መንግሥቱን ለሌላ ቀን አድርጉት (ሰኞ ዝግ ነው)። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አስተኟቸው፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን።

አትክልት ስፍራው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ መብላት ክልክል ነው። የሚፈቀድበት ቅርብ ቦታ ከቤተ መንግሥቱ በስተ ደቡብ ያለው «ፒየስ ዶ ዴ ስዊስ» የሚባለው ትልቅ ሰው ሠራሽ ኩሬ ዳር ያለው ሣር ነው። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ከሪቭ ጎሽ ጣቢያም ሩቅ አይደለም። 18:30 ላይ እዚያ ድረሱ፣ ተመገቡ፣ 19:45 ተነሡ። ጥቅል ፍርፍር፣ አምባሻ፣ ድፎ ዳቦ በሙዝ፣ በእጅ የሚበላ ሁሉ ይሆናል። ወጥ ግን ተዉት፤ ፈሶ ልብስ ካበላሸ የሚቀየርበት ቦታ የለም።

ስለ ልብስ ካነሳን፦ ለፎቶ ብላችሁ የሐበሻ ቀሚስ የምትለብሱ ጫፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚቀር ምረጡ። የአትክልቱ መንገድ አሸዋና ጠጠር ነው፣ በደረቅ ቀን የሚነሳው ነጫጭ አቧራ ጥለቱ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ የነካው ጫፍ ላይ ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይደርቃል። ረጅም ተረከዝ ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል።

5. ፍተሻ፣ ሽንት ቤት፣ መሰብሰቢያ

በሩ ላይ 20:00 ድረሱ። የቦርሳ ፍተሻ አለ፣ ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም። ሴሬናድ ለያዛችሁ፦ ሕንፃው ውስጥ የብረት ዘንግ ያለው የልጅ ማዘያና የሰልፊ እንጨት ክልክል ነው። አንቀልባ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው።

ገብታችሁ ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ሁሉንም ልጅ ሽንት ቤት ውሰዱ። «አልመጣብኝም» የሚለውን ጭምር። ከወረዳችሁ በኋላ የሚገኙት ጥቂት ናቸው፣ ሰልፋቸው ረጅም ነው፣ የሚፈስ ውሃ ድምፅ ደግሞ ልጅን ያስቸኩላል።

ቀጥሎ መሰብሰቢያ ቦታ ቁረጡ። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ሰገነቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ጠፍጣፋ የውሃ ገንዳዎች ጎን ለጎን አሉ። በሁለቱ መካከል፣ ወደ ታች የሚወርደው ደረጃ አናት ላይ ተስማሙ፤ ከየትም አቅጣጫ ወደ ላይ የወጣ ሰው ቤተ መንግሥቱን አይቶ ያገኘዋል። የልጁ ክንድ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ከነአገር ኮዱ በእስክሪብቶ ጻፉ። በወረቀት አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ አትክተቱ፤ ውሃ ያርሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የገንዳዎቹ ጠርዝ ዝቅተኛ ነው፣ አንዳንዱ ከልጅ ጉልበት አይበልጥም፣ አጥርም የለውም። ሲጨልም የውሃውና የድንጋዩ ወሰን አይለይም። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ ዳር በእጅ ይያዛል።

6. ዙሪያውን በግራ ጀምሩ

በሩ ላይ ካርታ ይሰጣችኋል። የዚያን ማታ የተከፈቱትን ቦታዎች ስለሚያሳይ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ሁሉም በየሳምንቱ አይከፈትም። ጀርባችሁን ለቤተ መንግሥቱ ስጡና በስተግራ ጀምራችሁ በቀኝ ተመለሱ። ሕዝቡ በመሐል ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ጎኑ መጀመሪያ ላይ ይቀልላል። ዙሩ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚሄደውም በዝግታ ቁልቁል ነው። የወረዳችሁትን መልሳችሁ እንደምትወጡ አስቡ።

ሀ) የጭፈራ አዳራሹ (ሳል ደ ባል)። ውሃው ከአፍሪካና ከማዳጋስካር የባሕር ዳርቻ በመጡ ዛጎሎች በተለበጠ ደረጃ ላይ ይወርዳል። ፊት ለፊቱ ሣር የለበሰ የመቀመጫ ደረጃ አለ። ተቀመጡ። ልጆቹን ውሃው ጀርባ ዛጎሎቹን እንዲፈልጉ ንገሯቸው፤ መብራቱ ከሥር ሲመጣ ክብ ክቡ ጥላ ይለያል። 10 ደቂቃ።

ለ) የመስታወት ገንዳ (ሚሯር)። እዚህ የሚረጨው ውሃ ከሙዚቃው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ትንንሽ ልጆች ብዙ የሚቆዩት እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ። ነፋሱ ወደናንተ ከሆነ ወደ ሌላኛው ጎን ዙሩ፤ የረጠበ ሹራብ ርችቱ እስኪደርስ አይደርቅም።

ሐ) ኮሎናድ። በ32 የእብነ በረድ አምዶች የተከበበ ክብ ነው። ሲጨልም ያምራል፣ ሳይጨልም ከደረሳችሁ አይታችሁ እለፉ።

መ) አፖሎ። ከሰገነቱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቀው ዋናው ገንዳ ነው። ፈረሶቹ ሠረገላውን እየጎተቱ ከውሃው ሲወጡ ይታያሉ። ከጀርባው ታላቁ ቦይ ይጀምራል። አዛውንት ወይም እግሩ የደከመ ካለ እዚህ ድረስ አታምጡ፤ ቀን የሚዞረው ትንሹ ባቡር ማታ ይኖራል ብላችሁም አትቁጠሩ። እናትና አባታችሁ የላይኛው ሰገነት ላይ ቢቀመጡ ርችቱን ከእናንተ እኩል ያያሉ።

ሠ) አንሴላድ። በመመለሻው፣ ከአፖሎ ወደ ላይ ስትመጡ አሁን በግራችሁ በሚሆነው ጎን ነው። ግዙፉ ሰው ግማሽ አካሉ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ ውሃ ይተፋል፤ ውሃው 25 ሜትር ይወጣል። ልጆች በማግሥቱ የሚያወሩት ስለዚህ ነው። የሚፈራ ልጅ ካለ መጀመሪያ ከሩቅ አሳዩት፣ ጣቶቹን ከድንጋዩ መሐል ለይታችሁ ቁጠሩለት፣ ከዚያ ቅረቡ።

ረ) ላቶን። ወደ ሰገነቱ መውጫ ሥር ያለው ነው። በጥንት አፈ ታሪክ ገበሬዎች ወደ እንቁራሪት ሲለወጡ የሚያሳይ ነው፤ አንዳንዱ ግማሹ ሰው ግማሹ እንቁራሪት ነው። ልጆቹ ይቁጠሩ። ጋሪ የያዘ ደረጃውን ትቶ በጎን ባለው ዘቅዛቃ መንገድ ይውጣ።

በስተ ሰሜን ርቆ ያለው 99 የውሃ መርጫ ያለው ኔፕቱን ነው። ከ10 ዓመት በላይ ልጆች ብቻ ካሏችሁ ከሁሉም በፊት እሱን ጨርሳችሁ ወደ ዙሩ ግቡ። ትንንሾች ካሉ ዝለሉት።

7. ርችቱን ከላይ እዩ

22:20 ላይ ያላችሁበትን ትታችሁ ወደ ሰገነቱ ውጡ። ርችቱ የሚተኮሰው ወደ ታላቁ ቦይ በኩል ነው። ቀርቦ ማየት የሚሻል ይመስላል፣ ግን ከላይ መንገዱ፣ ላቶንና ሰማዩ በአንድ ላይ ይታያሉ፣ ድምፁም ለልጅ ጆሮ ይለዝባል። ትልቁ ምክንያት ግን መመለሻው ነው፦ ከታች ያየ ቤተሰብ የተኛ ልጅ ተሸክሞ በጨለማ፣ በጠጠር ላይ፣ ከሕዝብ ጋር ያንን ሁሉ ዳገት ይወጣል።

የደረጃው አናት ከ22:30 በኋላ ይሞላል። ጆሮ መከላከያውን የመጀመሪያው ተኩስ ሳይሰማ በፊት አድርጉላቸው፤ ከደነገጡ በኋላ አይቀበሉም። ለፎቶ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስደግፉ፣ ብሩህ ቦታው ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። አለዚያ ርችቱ ነጭ ጉም ሆኖ ይወጣል።

8. መውጣት

ሁለት አማራጭ አለ፣ ከርችቱ በፊት ወስኑ። ሁሉም ልጅ በእግሩ የሚሄድ ከሆነ የመጨረሻው ተኩስ እንደተሰማ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፤ ጣቢያው 10 ደቂቃ ነው። የተኛ ልጅ ካለ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ ጋቢውን አልብሱት፣ ሰው ይለፍ። ሲወጡ የሚገኘው ትልቁ አደባባይ ኮብልስቶን ነው፣ ዘቅዛቃም ነው፤ ጋሪ ይንጣል፣ የተኛው ልጅ ይነቃል። ማዘል ይሻላል።

ከ23:05 በኋላ የሚቀሩት ባቡሮች ጥቂት ናቸው። የመጨረሻውን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ዒላማ አድርጉ። ጣቢያው ላይና ባቡሩ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ሁለት እጁ ልጅ የያዘ ሰው ቦርሳውን ፊት ለፊት ያንጠልጥል፣ ስልክ የኋላ ኪስ አይግባ። በመኪና የመጣችሁ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው መውጫ ስለሚጨናነቅ ልጆቹን አስገብታችሁ እስኪቀል ጠብቁ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- *የቀን ቲኬት ይዞ ማታ መምጣት።* በር ላይ አይቀየርም፤ የዚያን ማታ ቲኬት አልቆ ከሆነ ደግሞ መመለስ ነው።
- *ሻንትዬ ላይ መውረድ።* «ቬርሳይ» የሚል ሲታይ ከባቡር መውረድ። ጥፋት አይደለም፣ ግን ከልጅ ጋር በእግር ተጨማሪ 10 ደቂቃ ነው።
- *ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ብቻ መያዝ።* ርችት ላይ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ይከልላል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዙ።
- *አነስተኛ ጎማ ያለው ጋሪ።* ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጥና መጎተት ይሆናል።
- *ሁሉንም ቦታ ለማየት መሮጥ።* ሦስት ቦታ ተቀምጦ ያየ ልጅ ርችቱን ነቅቶ ያየዋል። ዘጠኝ ቦታ የሮጠው 22:30 ላይ ትከሻ ላይ ይተኛል።
- *ሕፃኑን ርችቱ መሐል ይዞ ለመውጣት መሞከር።* በዚያ ሰዓት ደረጃው ሰው ነው፣ መተላለፊያ የለም። ሕፃን የያዘ ከመጀመሪያው ከሕዝቡ ጀርባ፣ ወደ መውጫው ጠርዝ ይቁም፤ ካለቀሰ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው።